አበልጄ ቅሬያችንን ለሁለት ለመክፈል ወረቀት እያስፈረመች ነው፤ ልራቃት ወይስ ልታገሳት?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ከጀመሩት ጊዜ ወዲህ እከታተላለሁ። የሌላውን ሰው ጭንቀት ሳነብ «ተመስገን፣ እኔስ ደህና ነኝ» እል ነበር፤ ሰሞኑን ግን እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

የምኖረው ደሴ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩትም እዚሁ ነው። ዕድሜዬ 44፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በሰፈራችን እናቴ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የነበረችበት ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሳህኑ የሁላችን ነው። ከዚህ ሌላ እኛ ክርስቲያኖቹ ወር በገባ በ12 የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ አለን።

ነገሩ የመጣው በአበልጄ በኩል ነው። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ክፉ ናት ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። በቀዶ ጥገና የወለድኩ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገንፎዬን እያገነፋች፣ ልብሴን እያጠበች አስታምማኛለች። ጸሎተኛ ናት፣ ቅዳሴ አታስታጉልም፣ ጥቅስ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሁላችንም እንሰማታለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ወሬዋ ሁሉ አንድ ሆነ። «ከእነሱ ጋር ቅሬ መግባት ሃይማኖትን ማላላት ነው፤ ብርሃን ከጨለማ ጋር ምን ኅብረት አለው?» ትላለች። ለማኅበራችን በከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በየቀኑ ድምፅ ትልካለች፤ ከየት እንደምታመጣው አላውቅም።

በጥር ወር አንድ ድምፅ ላከች። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ያጠራቀምነውን ብር ለመስጊድ ማሠሪያ ሰጥቶታል የሚል ነበር። ገንዘብ ያዡ ሙስሊም ነው፤ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ሱቅ አለው። ድምፁ ረጅም ነው፣ ከኋላው መዝሙር ይሰማል። እኔ ግማሹን እንኳ ሳልሰማ ለአሥራ አንድ ሰው አስተላለፍኩት። ዳቦ ላቦካ እጄ ሊጥ ስለነበረ ስልኩን በትንሿ ጣቴ ነበር የነካሁት። በአሥረኛው ቀን ቅሬው ተሰብስቦ ሒሳቡ ሲነበብ፣ ብሩ ክረምቱ ለቀደደው የድንኳን ሸራ መግዣ የዋለ ሆኖ ተገኘ። ደረሰኙን አሳየን። ማንም ይቅርታ አላለውም፤ እኔም አላልኩም።

እትዬ፣ ይህ ሰው ለእኔ ማን እንደሆነ ልንገርዎት። በኅዳር 2014 ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ ሳለ እናቴ አረፈች። ሰው ከደጁ በማይወጣበት ሰዓት ከአምስት የቅሬ ሰዎች ጋር ቃሬዛውን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰልኝ እሱ ነው። የተገኙት አንድ ቄስ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ፍትሐት ሲያደርሱ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር አፈር መለሰ። አሁን በሱቁ ፊት ማለፍ ስላፈርኩ ስኳር የምገዛው ዞሬ ከላይኛው ሱቅ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «እማ፣ ለምን ከሩቅ እንገዛለን?» ብትለኝ «እዚያ ርካሽ ነው» ብዬ ዋሸኋት።

ሰሞኑን ደግሞ አበልጄ ወረቀት ይዛ መጣች። በፊታችን ዓመታዊ ስብሰባ ክርስቲያኖቹ ድርሻችንን ወስደን የራሳችንን ቅሬ እናቋቁም የሚል ነው። ባለፈው ሚካኤል፣ ጽዋው እንደተጠጣ፣ አዞረችው። ከአሥራ ስምንታችን ዘጠኙ ፈረሙ። እኔ «ለባለቤቴ ላሳየው» ብዬ አመለጥኩ። ባለቤቴ «ዝም በይ፣ ዘመኑን አታይም?» ይለኛል። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ብናገር «ሃይማኖቷን ያላላች» ልባል ነው፤ አበልጅነታችንም ይፈርሳል። ዝም ብል እናቴ የመሠረተችው ቅሬ ሊበተን ነው። መጽሐፉ መለያየት ከሚያመጡ ሰዎች ራቁ ይላል ሲባል እሰማለሁ። ልራቃት? ወይስ ልታገሳት? እንደ ክርስቲያን ምን ላድርግ?

ማኅበርተኛዋ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አበልጅሽ ላይ ነበር ዓይኔ፤ በሁለተኛው ስኳሩ ላይ። አብዛኛው የጻፍሽልኝ ስለ እሷ ቢሆንም፣ እንቅልፍ የነሳሽ ግን ዞረሽ የምትሄጂበት መንገድ መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። እስቲ ልጠይቅሽ፦ ያ ወረቀት ነገ ተቀዶ ቢጣል፣ አበልጅሽም ከነገ ወዲያ ዝም ብትል፣ በዚያ ሱቅ ፊት ቀና ብለሽ ታልፊ ነበር?

አይመስለኝም። ለዚህ ነው ከእሷ የማልጀምረው።

ሰውን ከሰው የሚለይ ሰው ብቻውን ምንም አይሆንለትም። ጆሮ ይፈልጋል፤ ከጆሮ ቀጥሎ እጅ ይፈልጋል። መጽሐፈ ምሳሌ 26፥20 ላይ «እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት ይጠፋል፤ ጆሮ ጠቢ በሌለበትም ዘንድ ጠብ ጸጥ ይላል» የሚለው ይህንን ነው። ያን ቀን በትንሿ ጣትሽ አንዲት ጭራሮ ጨምረሻል። ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔ ሳልጠይቅሽ ራስሽ ነግረሽኛል፣ ያውም እስከ ሊጡ። ጥፋቱን እንዲህ አድርጎ የሚያስታውስ ሰው ልቡ አልደነደነም። ነገር ግን ያቺ ጭራሮ እሳቱ ውስጥ እስካለች ድረስ አበልጅሽን «ተይ» ለማለት አንደበትሽ ይተሳሰራል። «አንቺስ ለስንት ሰው ልከሽው የለም ወይ?» ብትልሽ ምን ትመልሺያለሽ? ሃይማኖትሽ ከፋፋይን እንድትቋቋሚ አቅም የሚሰጥሽ ከዚህ ነጥብ ጀምሮ ነው፤ ንስሐ ከራስሽ እጅ ሲጀምር።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ ማቴዎስ 5 ላይ፣ መባህን ይዘህ መሠዊያው ፊት ቆመህ ሳለ ወንድምህ በአንተ ላይ ያዘነበት ነገር እንዳለ ትዝ ቢልህ መባውን እዚያው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። ልብ በይ፣ «አንተ የተቀየምከው ሰው ካለ» አላለም። በአንተ የተቀየመ ካለ ነው ያለው። በየቅዳሴው ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችን እጅ የምንነሣሣውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ባለፈው ሚካኤል ጽዋውን ስትቀበይ ያ ሰው ትዝ ብሎሽ ነበር? ትዝ ብሎሽ ከነበረ፣ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶሻል።

«ወንድምህ» የሚለው ለክርስቲያን ብቻ ነው የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አንድ ሕግ አዋቂ ጌታን «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ ሉቃስ 10 ላይ አለ። የተመለሰለት አይሁድ በማይተባበሩት በሳምራዊ ሰው ነው። ያንን ምሳሌ ስንሰማ ሁልጊዜ ራሳችንን በደጉ ሳምራዊ ቦታ እናስቀምጣለን። በአንቺ ታሪክ ውስጥ ግን መንገድ ላይ ቆሞ የወደቀ ያነሣው ማን ነበር? ቃሬዛውን የተሸከመውስ ማን ነው?

እንግዲህ ወደ ሱቁ ትሄጃለሽ። መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፤ ልጅሽ አትኑር፣ ደንበኛም አይኑር። ንግግርሽን አታስረዝሚው። «ወንድሜ፣ ስለ ቅሬው ብር የተወራውን ድምፅ እኔም ለአሥራ አንድ ሰው ልኬዋለሁ። ሳላጣራ ነው የላክሁት። እናቴን የቀበርክልኝን ሰው ስም አጠፋሁ። ይቅር በለኝ። ለላክሁላቸው ሰዎች ሁሉ ሐሰት እንደነበረ እነግራለሁ» በይው። ስለ ሥራ ብዛት፣ ስለ ዘመኑ ወሬ፣ ስለ ሊጡም ቢሆን ለእሱ አትንገሪው፤ ምክንያት ሲበዛ ይቅርታው ይቀጥናል። «ማን ላከልሽ?» ካለሽ «እሱን እኔ አነጋግራለሁ፤ አሁን የራሴን ጥፋት ይዤ ነው የመጣሁት» በይ። የአበልጅሽን ስም ለእሱ አሳልፈሽ ከሰጠሽ፣ አንዱን ቁስል ለመጠገን ብለሽ ሌላ ትከፍቻለሽ።

ምናልባት «አብሽሪ፣ አልፏል» ይልሽ ይሆናል። ምናልባትም ምንም ሳይመልስ ሚዛኑን ያስተካክል ይሆናል። ሁለቱንም ተቀበይ። ወራት ሙሉ ስሙ ሲነሣ የሰማ ሰው ነው፤ ይቅር ለማለት የራሱ ጊዜ ይኖረዋል። «ይቅር ብለኸኛል አይደል?» እያልሽ አታስጨንቂው።

ከዚያ ወደ አሥራ አንዱ። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ማንም እንዳይዘነጋሽ። ሐሜቱ በድምፅ ስለሄደ እርማቱም በድምፅ ይሂድ፤ የሚያውቁት ድምፅ ነው፣ የአንቺ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፦ በጥር የላክሁላችሁ እውነት አይደለም፣ ብሩ ሸራ ተገዝቶበታል፣ ደረሰኙን ስብሰባ ላይ አይተናል፣ ሳላጣራ በመላኬ ይቅርታ፣ ያስተላለፋችሁት ካላችሁ ይህንንም አስተላልፉልኝ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ላኪ። ግሩፑ ላይ አሁን አትልቀቂው። እዚያ ከለቀቅሽው አበልጅሽን ሳታነጋግሪያት በአደባባይ ማዋረድ ይሆናል፤ ማቴዎስ 18 ደግሞ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ነው የሚለው።

አሁን ወደ እሷ እንምጣ፤ ከእሷ በፊት ግን ወደ ጥቅሷ። ለምን መሰለሽ? «ብርሃን ከጨለማ ጋር» ስትልሽ የምትሸማቀቂ ይመስለኛል። አትሸማቀቂ። ቃሉ የጳውሎስ ነው፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 6። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብለሽ ብታነቢ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የእግዚአብሔርን ቤተ መቅደስ ከጣዖት ጋር ስለማጋጠም ነው የሚናገረው። አምልኮን አትቀላቅሉ ነው። ይኸው ጳውሎስ ለእነዚሁ ቆሮንቶሳውያን በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ከማያምኑት ሰዎች ፈጽማችሁ ተለዩ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያ ቢሆን ከዓለም መውጣት ይኖርባችኋል ብሏቸዋል። በምዕራፍ 10 ደግሞ የማያምን ሰው ሲጠራችሁ መሄድ ብትፈልጉ ብሎ ይመክራቸዋል። የሚጠሩት ጎረቤት እኮ ነበራቸው ማለት ነው፤ የሚሄዱበት ቤትም።

ቅሬያችሁን ደግሞ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለቅሶ ሲሆን ሁለት ድስት ይጣዳል። አንዱን ክርስቲያን ያረደው፣ አንዱን ሙስሊም ያረደው ይገባበታል፤ ጭልፋው እንኳ እንዳይቀላቀል የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ጾም ከሆነ ሽሮው ለሁሉም ይሆናል። እናትሽ ስትቀበር ያ ሰው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከበሩ ውጭ ቆመ አላልሽኝም? ማንም «ግባና እንደ እኛ ጸልይ» አላለውም፤ እሱም «ፍትሐቱን ተዉት» አላለም። ሃይማኖትን ከዚህ በላይ ማክበር እንዴት ነው? የተጋራችሁት ድንኳኑን እንጂ መሠዊያውን አይደለም። አበልጅሽ ስለ ሃይማኖቷ መቅናቷን አልነቅፍባትም፤ የሚቀናለት ነገር ነው። ግን በዚህ ቅሬ ውስጥ ያንን የነካባት የለም።

ነገሬ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሎን ስለምወድ። ከደሴ ቅርብ ርቀት ላይ ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዝዞ ነበር። የወሎው መሐመድ አሊም ያኔ ተጠምቀው ነው ሚካኤል የተባሉት፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል። ትእዛዙ ስንት ቤት እንዳስለቀሰ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። ስለዚህ የወሎ ሰው አብሮ የኖረው መለያየትን ስላላየ አይደለም። በትእዛዝም፣ በግዳጅም፣ በጦርነትም አይቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለቅሶውን ለየብቻ አላደረገም። ደሴ ላይ እኚሁ ንጉሥ ያሠሩትን አዳራሽ በየቀኑ ታልፊበት ይሆናል፤ ስሙ አይጠየፍ ነው።

እሺ፣ አበልጅሽ። ገንፎሽን ያገነፉት እጆች ናቸው ወረቀቱን ያዞሩት። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብለሽ ሌላውን አትካጂ። ይልቅ «ካለፈው ዓመት ወዲህ» ያልሽው ቃል አልለቀቀኝም። ያለፈው ዓመት ምን ሆነች? ሰው ሞተባት? ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያልተናገረችው ቅያሜ አላት? በ2014 የደረሰባትና ለማንም ያልነገረችው ነገር ይኖር ይሆን? ልጆቿ ርቀው ሄደው ቀኑን ሙሉ ከስልክ ጋር ብቻዋን የምትውል ሴት ትሆን? እኔ አላውቃትም፤ አንቺ ታውቂያታለሽ። ብዙ ጊዜ ከፍርሃት የተነሣ ሰው ሌላውንም ያስፈራል፤ እንዲያ ካልሆነ ብቻውን የፈራ ይመስለዋል።

ቤቷ ሂጂ። ይህ ከሱቁ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ቡና አፍልታ አቦሉን እስክትጠጡ ስለ ልጆቹ አውሩ። ቶናው ሲመጣ ስልኮቹን ራቅ አድርጉና በራስሽ ጥፋት ጀምሪ፦ «ያን ድምፅ በማስተላለፌ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ የአንቺን ስም ግን አላነሣሁም።» ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ከዚያ ጠይቂያት፦ «አበልጄ፣ ምንድን ነው የፈራሽው?» ጠይቀሽ ዝም በይ። የምትመልስልሽን እስከ መጨረሻው ስሚ፣ ግማሹ ላይ አታስተላልፊው።

ጥቅስ ለጥቅስ ግን አትግጠሚያት። እሷ ትበልጥሻለች፤ ብታሸንፊያት ደግሞ ትሸነፋለች እንጂ አትመለስም። «ያን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አብረን እናንብበው» ብትያት ግን መልካም ነው፤ ባትስማሙ ነፍስ አባታችሁ ይፈቱታል። ከእሷ የምትጠይቂው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ያላጣራችውን እንዳትልክ፣ ወረቀቱንም ከስብሰባው በፊት እንድታቆመው። የምትታገይው ለቅሬው ነው፣ ሴቲቱን ለመጣል አይደለም።

ግሩፑ ላይ የሚመጣው ድምፅ አያልቅም፤ ለእያንዳንዱ ልመልስ ካልሽ ሌላ ሥራ አይኖርሽም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቱ ሰንባላጥ የተከፈተ ደብዳቤ ልኮ የሐሰት ወሬ አስወርቶበት ነበር። ነህምያ አንድ ጊዜ፣ ባጭሩ፣ ይህ ከልብህ የፈጠርኸው ነው እንጂ እንዳልከው ያለ ነገር የለም ብሎ መለሰና ወደ ሥራው ተመለሰ። አንቺም ስለ ቅሬው የሐሰት ነገር ካየሽ «ይህ አልሆነም፤ ሒሳቡ ተነብቧል» ብለሽ አንዴ መልሺና ውጪ።

«ልራቃት?» ብለሻል። ያ የሰማሽው ቃል ከቲቶ መልእክት ምዕራፍ 3 ነው። ርቀቱ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ አንድ ጊዜ ገሥጸው፣ ሁለተኛም ገሥጸው፣ ከዚያ ራቀው ይላል። አንቺ እስካሁን ስንት ጊዜ ነግረሻታል? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንድም ጊዜ። ስለዚህ መራቅ ገና ነው። ሁለት ጊዜ ተነግሯት፣ ነፍስ አባትም ገብተውበት አሻፈረኝ ካለች፣ ከወሬዋ ፈቀቅ በይ፤ ሮሜ 16 ላይም ቃሉ «ፈቀቅ በሉ» ነው። ፈቀቅ ማለት ሰላምታ መንፈግ አይደለም። ልጅሽ የክርስትና እናቷን በዓል በመጣ ቁጥር ትጠይቅ፣ ዳቦዋን ይዛ ትሂድ። ድምፆቿን ግን አትክፈቺ፣ ሰው ከምታብጠለጥልበት ወንበርም ተነሺ። እሷ ካንቺ ብትርቅ፣ በሩን የዘጋችው እሷ ትሁን።

ባለቤትሽን እንደ ፈሪ አትቁጠሪው። በ2014 ደሴ ውስጥ የነበረ ሰው «ዘመኑን አታይም?» ቢል ያየው ነገር አለ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ «በትክክል ምን ይደርስብናል ብለህ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አደባባይ ወጥተሽ ልትጮሂ እንዳልሆነ፣ ያልፈረምሽውን ላለመፈረም ብቻ እንደሆነ ስታስረጂው ምናልባት ይቀልለው ይሆናል።

ነፍስ አባትሽን ግን ዛሬ ነገ አትበይ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። አበልጅሽን ልትከሺ ሳይሆን በሐሰት የሰው ስም በማጥፋትሽ ንስሐ ልትገቢ ነው የምትሄጂው፤ ነገሩ ከዚያ ራሱ ይወጣል። ለማኅበራችሁ መሪ፣ ለሙሴውም፣ አንድ ቃል ንገሪ፦ ጽዋ በሚጠጣበት ቤት ወረቀት አይዙር። ጠብ ይዞ ጽዋ መጠጣት ነውር የሆነው ዛሬ አይደለም፤ ሙሴው ይህን ያውቃል፣ የሚናገርለት ሰው አጥቶ ይሆናል እንጂ።

ደግሞ ቁጥሩን እስቲ እዪው። ከአሥራ ስምንታችሁ ዘጠኛችሁ አልፈረማችሁም። አንቺ «ለባለቤቴ ላሳየው» ብለሽ ወጣሽ። ስምንቱስ ምን ብለው አመለጡ? አንዷ መነጽሬን ረሳሁ፣ አንዱ ልጄን ላማክር ብሎ ይሆናል። እያንዳንዱ ብቻውን የቀረ እየመሰለው ዝም ብሏል። ሁለቱን፣ የምታምኛቸውን፣ ቤታቸው ሄደሽ ጠይቂ። ፊርማ አታሰባስቢ፣ ተቃራኒ ወረቀትም አታዘጋጂ፤ ያ ሌላ ወገን መፍጠር ነው። ጠይቂያቸው ብቻ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። ኮምቦልቻ በኖርኩበት ዘመን የነበርንበት ማኅበር እንዲህ ባለ ነገር ተናወጠ። ምክንያቱ ሌላ ነበር፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው፤ ሹክሹክታ፣ ወረቀት፣ ቆጠራ። ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። «ሌላ ሰው ይናገር» ብዬ ዝም አልኩ። ማኅበሩ ለሁለት ሆነ። ዓመት ሳይሞላ አንዲት የሁላችንም የነበረች እናት ሞተች፤ እሷ ከየትኛው ወገን እንደነበረች ራሷም አታውቅም ነበር። በአንድ ደጅ ላይ ሁለት ድንኳን ተተከለ። ልጇ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ፣ በየትኛው መቀመጥ እንዳለበት ሲያመነታ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በመካከሉ ቆሞ አየሁት። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያኔ ልናገረው የሚገባኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስለዚህ በስብሰባው ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ሂጂ። «እኔ እናቴን ይህ ቅሬ ነው የቀበረልኝ፤ ከዚህ አልወጣም።» ሌላ አትጨምሪ፣ ማንንም አትንኪ፣ ተቀመጪ። ከተቻለ ደግሞ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ደረሰኙ እየታየ እንዲነበብ፣ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሒሳብ መርማሪ እንዲመረጥ ሐሳብ አቅርቢ። ገንዘብ ያዡንም ከሐሜት የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ወሬ የሚገባው ሒሳብ በዘገየበት ክፍተት ነውና።

አንድ ነገር ግን ለቡናም ለቶናም አይቆይም። ከሚመጡት ድምፆች አንዱ ሰው ምቱ፣ ቤት አቃጥሉ፣ ሱቅ ዝረፉ ወደሚል ከተሻገረ፣ ያን ቀን ካህናቱም፣ ሸሆቹም፣ የአገር ሽማግሌዎቹም፣ ፖሊስም መስማት አለባቸው። የማንም አበልጅነት ከዚያ አይበልጥም።

የምትሄጂበትን ሰዓት ደግሞ አስቢበት። ጠዋት ሕፃናት ለዳቦ የሚመላለሱበት ነው፤ ምሽት ላይ ሰው ይበዛል። ከአሱር ሰላት ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ትንሽ ጸጥ ይላል። የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያዢ። የምትይውን ካልሽ በኋላ፣ መለሰልሽም አልመለሰልሽም፣ ስኳርሽን ከእሱ ገዝተሽ ውጪ። ቤት ስትደርሺ ልጅሽን ጥሪና ላይኛው ሱቅ ርካሽ እንዳልነበረ፣ አፍረሽ እንደነበረ ንገሪያት።